የስንብት ውሃ

ወፉ የመጣው በቀን ነው። በሰማግድ ምድር ጥላሞት የሚሉት ባለ ሦስት ዓይን ጥቁር ወፍ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታይቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ሰኞ ግን በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ከንጉሡ ግቢ ጉልላት ላይ አረፈና ቁልቁል ሲያይ ዋለ። ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ጥላሞት ካረፈበት ቤት ሬሳ ይወጣል።

ቆላውን ነጭ ላብ የሚባለው በሽታ ከያዘው ሁለት ወር ሆኖታል። የያዘው ሰው ወተት የመሰለ ላብ ያልበዋል፤ በሦስተኛው ቀን ይሞታል። ንጉሥ አርዛን አደባባይ ወጥተው ማሉ።

«በአባቶቼ ዙፋን እምላለሁ። በሃያ ቀን ውስጥ ይህን ሞት ከምንጩ የሚያደርቅልኝ ካልተገኘ፣ የታመሙትን ከተሞች ከዳሞራ ጀምሬ ከነሰዎቻቸው አቃጥላለሁ። ቆላው ይነድ፣ ደጋው ይትረፍ።»

ከሕዝቡ መካከል ይርጋና የምትባል ወጣት ወጣች። ሥራዋ መርዶ ነጋሪነት ነው። የሰማግድ መርዶ ነጋሪዎች ሰው ሲሞት ቀንድ እየነፉ ለቀስተኛ ይጠራሉ፤ ለእያንዳንዱም ሟች በወገባቸው ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። የይርጋና ገመድ በሁለት ወር ውስጥ ወገቧን ሦስት ጊዜ ዞሮ ነበር። እናቷ የምትኖረው ደግሞ ዳሞራ ነው።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለች። «ማን የት መቼ እንደሞተ ገመዴ ላይ አለ። ቋጠሮውን ወደ ኋላ እየተከተልኩ የሞቱን መነሻ አገኘዋለሁ።»

«ብቻሽን?»

«አጎት እያላት ለምን ብቻዋን ትሄዳለች?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። የእናቷ ወንድም ጉልማ ነበር፤ አራት ጦርነት የዘመተ፣ ግራ እግሩን የሚያነክስ ጦረኛ። «ወፉን እኔ እወጋዋለሁ፤ እሷ ትቁጠር።»

ወረዱ። ይርጋና በየመንደሩ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ መጀመሪያ የታመመው ማን ነው፣ ከዚያ በፊትስ የት የት ሄዶ ነበር? መልሱን እየሰማች ገመዷን ትነካካለች። ጉልማ መልሱ ረዘመበት። «የእህቴ ልጅ፣ ሬሳ እየቆጠርሽ እኛኑ እንዳትቆጥሪን» እያለ ይተርባታል።

በሰባተኛው ቀን ጽንጽና ከምትባል መንደር ደረሱ። ለቅሶ ላይ ነበሩ። በሰማግድ ሥርዓት ሬሳው የታጠበበት ውሃ በናስ ሳህን ይቀርባል፤ ለቀስተኛው በሙሉ ጣቱን ነክሮ ከንፈሩን እያራሰ «ጥምህን ወሰድኩልህ» ይላል። የስንብት ውሃው ያልተቀመሰለት ነፍስ እንደተጠማ ይቀራል፤ ጥላሞት ሆኖ ጣራ ለጣራ ይንከራተታል። መርዶ ነጋሪዎች ብቻ አይቀምሱም፤ የአንዱን ጥም ይዘው ወደ ሌላው ቤት እንዳይገቡ ድሮ የተከለከሉ ናቸው። ጉልማ ግን እንግዳ ቢሆንም ጨዋ ሰው ነውና ሳህኑ ሲደርሰው ቀመሰ።

ከለቅሶው ቤት ሲወጣ ወፉ ጣራው ላይ ተቀምጦ አየው። ጦሩን ወረወረ፤ ወፉ ወደቀ። መንደሩ ለቅሶውን ትቶ ጨፈረ። ምን ያደርጋል፣ በነጋታው ሦስት ሰው በነጭ ላብ ተይዞ አደረ።

«ወፉ አይደለም ማለት ነው» አለች ይርጋና። ዳሞራ ለመቃጠል አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ከመንደሩ መሐል አንድም ሰው ያልታመመበት ቤት አገኘች። ከግራም ከቀኝም ያለው ጎረቤት አልቋል። እትዬ ዘሪፍ የሚባሉ ሴትዮ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«ከየትኛው ጉድጓድ ነው የሚቀዱት፣ እትዬ?»

«ከሰው ጋር ከዚያው ነዋ።»

«ወፉስ እርስዎ ጣራ ላይ አርፎ አያውቅም?»

«ልጆች አሳድጎ ነው የሄደው» አሉ ሴትዮዋ፤ ጎመኑን አላቋረጡም። «ምን ልትዪ ነው? እኔ ከዚህ መንደር ጋር ከተኳረፍኩ ሰባት ዓመቴ ነው። በመሬት ነው የተጣላነው። ሰላም አልላቸውም፣ ማንም ቢሞት ለቅሶ አልደርስም።»

ይርጋና እዚያው አፈር ላይ ተቀመጠችና ገመዷን ዘርግታ ቆጠረች። ከእያንዳንዱ ለቅሶ በስምንተኛው ቀን ሌላ ቋጠሮ አለ፤ ሕመሙ የጀመረው በአምስተኛው ነው ማለት ነው። መርዶ ነጋሪዎቹ በየታመመው ቤት እየገቡ አንዳቸውም አልሞቱም፤ ወፉ መልእክተኞቹን ይምራል እየተባለ ይወራ ነበር እንጂ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

«ሳህኑ ነው፣ ጋሼ» አለች አጠገቧ ለቆመው ጉልማ። «ለቀስተኛውን በቀንድ ጠርተን ሞት የምናጠጣው እኛው ነን።»

ጉልማ እጁን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ይርጋና ያን ጊዜ ነው የገባት፤ እሱም ቀምሷል።

«ከገባኝ እስኪያልበኝ ሦስት ቀን ቀርቶኛል» አለ። «ዋና ከተማው ለመድረስ ይበቃል። ተነሺ፣ አታልቅሺ። መንገድ ላይ እንዳትነኪኝ።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግቢው ፊት ለፊት ሲደርሱ ላቡ ነጥቶ ነበር። ከሕዝቡ ርቆ፣ ማንንም ሳያስጠጋ፣ በጦሩ ጫፍ ጉድጓድ ቆፈረ። ከዚያ ቆሞ ተናገረ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህች ልጅ የስንብት ውሃ ይቅር ትላለች። የሌላ ሰው ውሃ ብታስቀር በድንጋይ ትወግሯታላችሁ፤ ስለዚህ የእኔን ታስቀር። ሳልታጠብ እጅ ሳይነካኝ ቅበሩኝ። በአምስተኛው ቀን ከለቀስተኞቼ አንድ ሰው ከታመመ ዳሞራን አቃጥሉ። ማንም ካልታመመ ግን ሥርዓቱ ይለወጥ።»

«ጉልማ፣ ተጠምተህ እንደምትቀር ታውቃለህ?» አሉ ንጉሡ።

«አውቃለሁ። ጽንጽና ላይ የወጋሁት ወፍም የሰው አባት ሳይሆን አልቀረም።»

«በዙፋኔ ፊት ቃሌ ነው፤ እንዳልክ ይሁን» አሉ ንጉሡ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከጉድጓዱ ገብቶ ተኛ፤ እዚያው ሞተ። ይርጋና አፈሩን በረጅም አካፋ መለሰችበት። አርባ ለቀስተኛ ጥምህን ወሰድኩልህ ለማለት ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። ባዶውን የናስ ሳህን አምጥታ መቃብሩ ላይ ደፋችው። አንዲት አሮጊት «ምነው ልጄ፣ ለገዛ አጎትሽ?» አሉ።

በሃያኛው ቀን ችቦ የያዙ ወታደሮች ዳሞራን ከበው ትእዛዝ ይጠብቁ ነበር። ዋና ከተማው ላይ ደግሞ አርባዎቹ ሰዎች በንጉሡ ፊት አንድ በአንድ ግንባራቸው ተዳሰሰ። አርባውም ደረቅ ነበር። ንጉሡ የወታደሮቹ ችቦ እንዲጠፋ ፈረሰኛ ላኩ።

ከዚያ ወዲህ የመርዶው ቀንድ ዜማ ተለወጠ፤ «አልቅሱ፣ ውሃውን ግን አትንኩ» ይላል። ነጭ ላብ ወር ሳይሞላው ከቆላው ጠፋ። በይርጋና ገመድ ላይ የመጨረሻዋ የነጭ ላብ ቋጠሮ የጽንጽና አንድ ሰው ናት፤ የጉልማ ግን ለብቻዋ፣ ልቧ አጠገብ ታስራለች።

ይርጋና እናቷን ልትጠይቅ ዳሞራ በሄደች በሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ጥላሞት መጥቶ የእናቷ ጣራ ላይ አረፈ። ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን እየጎተተ ሸሸ። ወፉ ጣራው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ግራ እግሩን ያነክስ ነበር። እናትየው አየችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ይርጋና ውሃ ቀድታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችለት። ወረደ፤ በሦስቱም ዓይኑ ውሃውን አየው፤ መጠጣት ግን አልቻለም። ከዚያ ቤት ሬሳ አልወጣም። ወፉ በየቀኑ ይመጣል፤ እሷም በየቀኑ ውሃውን ትቀይራለች።