አንኳኩተን የሚከፍት አጣን

መርማሪዋ አምስተኛ ፎቅ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አርፋለች። ሊፍቱ ከቆመ ዓመት አልፎታል። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሜቴ ለምን» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፣ አልከፋትም። ያረጀው ጉልበቷ እንጂ ጥያቄዋ አይደለም።

የኮሪደሩ በሮች ሁሉ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ የእንጨት በሮች ናቸው። አሥራ ሰባት ቁጥር ጋ ስትደርስ ግን በር የለም፤ ባለ አበባ መጋረጃ ብቻ ተንጠልጥሏል። ገልጣ ስትገባ መጋረጃው የተሰቀለበት ሽቦ ግንባሯን መታት።

«እኔን!» አለች ውስጥ የቆመችው ወጣት ሴት፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። «ይቅርታ እናቴ፤ አዲስ ሰው ሁሉ ይመታዋል።»

ሟቹ አባቷ ናቸው፤ ዐርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው። አልጋቸው ከመስኮቱ ርቆ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። የሞቱት ከወገባቸው ቀና እንዳሉ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ጸጉራቸው ተበጥሯል። እንግዳ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ልባቸው ደካማ ነበር» አለ። «መድኃኒታቸው ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ ነው የሞቱት። መድኃኒቱን ቢያገኙ ኖሮ ዛሬ ከእኛ ጋር ያወሩ ነበር።»

«ለምን ተቋረጠ?»

«እሱ የእርስዎ ሥራ ነው።»

ጥግ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ሬሳውን ጠዋት ለክፍያ መጥተው ያገኙት እነሱ ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከአልጋ ለማይነሱ ሰዎች የእርዳታ ክፍያ ቤታቸው ድረስ ይሄድላቸዋል። የሚያደርሱት ግን ሦስት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የነዋሪዎች ምዝገባ «ሰውየው እሱ ነው» ይላል፣ ማኅበራዊ ጉዳይ «በሕይወት አለ» ይላል፣ የክፍያ ጽሕፈት ቤት ይከፍላል። ሦስቱም አብረው አልጋው አጠገብ ካልቆሙ ክፍያ የለም። ደንቡን ያወጣው ሰው ሌባ ፈርቶ ይሆናል፤ ደረጃ ግን አላሰበም።

ላለፉት ሁለት ወራት የዚህ ቤት ሪፖርት አንድ ዓይነት ነው፦ «በሩን አንኳኩተን የሚከፍት አጣን።» ከሥሩ ሦስት ፊርማ። ክፍያው ሁለቴም ወደ ካዝና ተመልሷል።

አለቃዋም ጠዋት በስልክ ያላት ይህንኑ ነበር። «ልጅቷ አባቷን ቆልፋባቸው እየሄደች እርዳታውን አስቀርታለች። መድኃኒት ያጡት በእሷ ነው። ይዘሻት ነይ።» ፖሊሱም ካቴናውን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«አንቺ ጠዋት ጠዋት የት ነሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ልብስ ማጠቢያ ቤት እሠራለሁ። በጠዋት ወጥቼ ለምሳ እመለሳለሁ። ግን ቆልፌባቸው አላውቅም! በምን እቆልፋለሁ?»

«በሩስ የት አለ?»

ልጅቷ በአገጯ ወደ አልጋው አመለከተች። መርማሪዋ ከሟቹ ትከሻ በታች የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየች፤ መልሳም ሸፈነችው።

«አልጋው ሁልጊዜ እዚህ ነው?»

«የለም፣ መስኮቱ ስር ነበር። ባለፈው ሳምንት መስታወቱ ሲሰበር ብርዱን ፈርቼ ወደዚህ ሳብኩት።»

ከዚያ ሦስቱን አንድ በአንድ ወደ ደረጃው ወሰደቻቸው። መጀመሪያ ከፋዩ መጡ፤ ጡረታ ሊወጡ የቀረቡ፣ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን ያቀፉ ሰው።

«አንኳኩታችኋል?»

«በደንብ ነዋ! እጄ እስኪያመኝ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

መርማሪዋ ግንባራቸውን አየች። መሐል ለመሐል ቀይ ጭረት አለበት። «ይሄ ምን ነክቶዎት ነው?»

«ያ የተረገመ ሽቦ ነው፣ ዛሬ ያ ወጣት እንግባ ብሎን ስንገባ።»

«ያንኳኳችሁት በር ምን ዓይነት ነበር?»

«አረንጓዴ ነዋ! እንደ ሌሎቹ!»

ቀጥሎ መዝጋቢው መጣ፤ አጠር ያለ፣ ሲናገር እያንዳንዱን ቃል የሚመዝን ሰው። የመነጽሩ አንድ እግር በፕላስተር ተጠግኗል። «ዛሬ ሽቦው ጥሎብኝ ነው» አለ ሳትጠይቀው። «አጭር ነኝ ብዬ አልፈራሁም ነበር፤ ለካ ሽቦው ለእኔም ዝቅ ብሏል።»

«ያንኳኳው ማነው?»

«ከፋዩ ናቸው። እኔ ፋይሉን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። የሚከፍት አጣን።»

መጨረሻ የማኅበራዊ ጉዳዩ ባለሙያ መጣ። ገና ወጣት ነው፤ ቁመቱ ከሁሉም ይበልጣል፣ «ረጅሙ» ይሉታል። ግንባሩ ላይ ጭረት የለም። ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

«በሩ ምን ዓይነት ነበር ልጄ?»

«አላስታውስም።»

«የሚከፍት ለምን ጠፋ ትላለህ?»

«እንጃ… እሳቸው መስኮቱ ስር ተኝተው ምን ሊሰሙ። ምናልባት እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል።»

«ምናልባት» አለች መርማሪዋ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

ጎረቤት ያለውን አናጢ አስጠራችና ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። ሬሳው በቃሬዛ ወደ ጥግ ተነሳ። ልጅቷ አንሶላውን አባቷ ላይ አስተካከለች። ፖሊሱ መጋረጃውን ገልጦ ቆመ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች መርማሪዋ። «አናጢ፣ ፍራሹን አንሳልኝ።»

አናጢው ፍራሹን አነሳው። ከሥሩ፣ በራስጌው በኩል በጡብ ከፍ ተደርጎ፣ አረንጓዴ በር ተጋድሟል። እጀታው አለ። ቁጥሩም አለ፤ አሥራ ሰባት።

አናጢው ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«ሰውየው ጋደም ሲሉ ይታፈናሉ» አለች መርማሪዋ። «ልጅቷ መደገፊያ መግዣ የላትም። በሩን አስነቅላ ደረታቸውን ቀና አደረገችላቸው። እናንተ አንኳኳን ያላችሁት በር ከጀርባቸው ስር ነበር።»

ከፋዩ ላባቸውን ጠረጉ። «በሩንማ ትናንት ነቅላው ይሆናል! እኛ ላይ ለማላከክ!»

«አናጢ፣ መቼ ነው የነቀልከው?»

«ጠርዙን ይዩት እናቴ» አለ አናጢው። «የነካሁት እንጨት ላይ ሁሉ ቀኑን በእርሳስ እጽፋለሁ። ኋላ ‹መቼ ሠራህ› ብለው እንዳይከራከሩኝ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አነበበችው። «ከመጀመሪያው ሪፖርታችሁ በአሥር ቀን ይቀድማል። እንግዲህ ያንኳኳ የለም። ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ ፎቁ አምስተኛ ነው። ሪፖርቱ የተጻፈው መኪና ውስጥ ነው። ተሳሳትኩ?»

መዝጋቢው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ከፋዩም ቦርሳቸውን ይበልጥ አቀፉት።

«አንድ ሰው ግን ወጥቷል» አለች ቀጥላ። «ሽቦው አዲስ ሰው ሁሉ ይመታል። እኔን መታኝ። ከፋዩን ጫረ፣ አጭሩን መዝጋቢ እንኳ መነጽሩን ሰበረበት። ከሁላችን የሚረዝመው ግን ምንም አልነካውም። አንቺ ልጄ፣ ቅድም ከደረጃው ሲመለስ እንዴት ነበር የገባው?»

«ጎንበስ ብሎ ገባ» አለች ልጅቷ። «የለመደ ነው የሚመስለው።»

«ደግሞ አልጋው መስኮቱ ስር እንደነበር ያውቃል። አልጋው ከዚያ ከተነሳ ሳምንቱ ነው፤ ዛሬ ብቻ የመጣ ሰው ይህን ከየት አመጣው?» ወደ ረጅሙ ዞረች። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ተናገር።»

ረጅሙ ግድግዳውን ተደገፈ። ድምፁ በጭንቅ ነበር የሚሰማው።

«ባለፈው ወር ብቻዬን ወጣሁ። ሽቦው መታኝ። ሳቁብኝ፤ ‹አንገትህን ዝቅ አድርግ ልጄ፣ የአውቶቡስ ጣሪያም እንዲሁ ነው› አሉኝ። መድኃኒታቸው ሊያልቅ መሆኑን ነገሩኝ። ‹ጓደኞቼን ይዤ አሁን እመለሳለሁ› ብያቸው እየሮጥኩ ወረድኩ። እነዚህ ጽፈው፣ ፈርመው ጨርሰዋል። ‹ለብቻህ ያየኸው አይቆጠርም፣ ገና ስምንት ቤት ይቀረናል› አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደንቡ አይቆጥረውም። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። ፈረምኩ።»

ልጅቷ ቃሬዛው አጠገብ ቁጭ አለች።

«ነግረውኝ ነበር» አለች። «‹አንድ ረጅም ልጅ መጥቶ ነበር፣ ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል› ይሉኝ ነበር። እኔ ሕመሙ ያስቀባጥራቸዋል ብዬ… ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጸጉሬን አበጥሪልኝ ይላሉ። ሸሚዝ ቀይሪልኝ ይላሉ። ‹እንግዳ ይመጣል፣ እንዲህ ሆኜ አያገኘኝም› ይላሉ። ዛሬም አበጥሬያቸው ነው የወጣሁት።»

ረጅሙ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መርማሪዋ ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። ስታየው የገዛ ልጇን መሰላት፣ ይህም ይበልጥ አበሳጫት።

«ሁለታችሁ ሳታዩ ዋሻችሁ» አለች። «አንተ አይተህ ፈረምክ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው፤ ካቴናው የመጣው ለእሷ ነበር።» ለፖሊሱም ምልክት ሰጠችው፤ ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ስልክ አውጥታ ለአለቃዋ ነገረችው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ የእሱም ድምፅ ለሁሉም ይሰማ ነበር።

«ጎበዝ! ልጅቷን ልቀቂ። ሦስቱን ግን አትንኪ። በሥራቸው ለመጠየቅ የሦስቱም መሥሪያ ቤቶች የጋራ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«ለምን?»

«ደንብ ነዋ።»

«የጋራ ደብዳቤ ጽፈው ያውቃሉ?»

«እስካሁን እንኳ አልገጠመኝም» አለ አለቃዋ። «በሩን ግን በኤግዚቢትነት ይዘሽ ነይ። ደብዳቤው እስኪመጣ ግምጃ ቤት ይቆያል።»

ልጅቷ ቀና አለች። «በሩን ይወስዱታል?»

መርማሪዋ አፈረች። «ማስረጃ ነው ልጄ። አንቺን ያዳነሽ እሱ ነው።»

«ለካ!» አለች ልጅቷ በቀስታ። «ጎረቤቴ ዛሬ ይገጥምልኛል ብዬ ነበር። ብቻዬን ነኝ አሁን።»

አናጢው በሩን ባንድ ወገን ያዘ። በሌላው ወገን ረጅሙ ማንም ሳያዘው ገባበት። ከፋዩና መዝጋቢው ፋይላቸውን ይዘው መንገድ ለቀቁ። በሩ ሰፊ ስለነበር መጋረጃውን ገልጠው አዘነበሉትና እንደምንም አወጡት። አምስት ፎቅ ሙሉ ግድግዳውን እየመታ ሲወርድ ይሰማ ነበር፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ልክ የሚያንኳኳ ሰው ይመስል።

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘግታ የልጅቷን ትከሻ ነካ አደረገቻት። ማለት የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ያለችው ግን «ነገ ጠዋት ሄጄ አለቃዬን እለምነዋለሁ» ብቻ ነው።

«ግድ የለም እናቴ» አለች ልጅቷ፣ የአባቷን ጸጉር በእጇ እያስተካከለች። «ከእንግዲህ ማን ሊያንኳኳ።»

መርማሪዋ መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ሳታስበው ጎንበስ አለች። ሽቦው አልነካትም።