በሩሎን መዳፍ የተገኘው ቀንበጥ

አዛውንቱ ሩሎን ከገደሉ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ ከአፋፉ ላይ ሆኖ አንዴ ቁልቁል አየና ነገሩን ዘጋው፤ ትናንት እዚያው አፋፍ ላይ አጥር ሲጠግን የዋለው የሩሎን ሠራተኛ ሃሪሰን ነው፣ ስለዚህ ገፍቶ የጣለውም እሱ ነው። ምስኪኑ ሃሪሰን በካቴና ታሰረ። እስከ ማታ ወደ ከተማው እስር ቤት ሊወሰድ ነው።

መርማሪ ዜልዳ ጉልበቷን እየረገመች ወደ ገደሉ ሥር ወረደች። ጡረታዋ ደርሷል፤ ሬሳ ማየት ሰልችቷታል፤ የሸሪፉ ችኮላ ግን ከሬሳውም በላይ ያደክማታል። የሟቹን የተጨበጠ መዳፍ ፈልቅቃ አንዲት ቀንበጥ አወጣች።

«ሰርቪስቤሪ ነዋ!» አለ ተከትሏት የወረደው ሸሪፍ። «ክብ ቅጠሉን አታይም? አፋፉን የሞላው ቁጥቋጦ እኮ ነው።»

«ሰርቪስቤሪ ቅጠሉን አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ እያፈራረቀ ነው የሚያወጣው። ይሄ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ፊት ለፊት። እስቲ ቀንበጡን ዳብሰው።»

ሸሪፉ ዳበሰው። «አራት ማዕዘን ነው።»

«አሽ የሚባለው ዛፍ ነው።»

«አሽማ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ ቅጠል ነው የሚደረድረው! ደግሞ ዛፍ ልታስተምሪኝ?»

«የበረሃው አሽ ቆጣቢ ነው፣ ባንድ ቅጠል ያድራል። በዚህ እርሻ ያለው ምንጩ ዳር ብቻ ነው።»

ምንጩ ያለው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። መግቢያው ላይ ያለው የአጥር በር ተቆልፏል። ላሞቹ ከውስጥ፣ ጥጆቹ ከውጭ ሆነው ይጣራሉ። ዜልዳ ከሟቹ ኪስ ባገኘችው ቁልፍ ከፍታ ገባች። አንዲት አጭር የአሽ ዛፍ ቅርንጫፏ ተገንጥሏል፣ ከሥሯ ያለው ድንጋይ ላይ ደም ደርቋል፣ አጠገቡ አዲስ የቧንቧ ቦይ ተቆፍሯል።

ማምሻውን፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት ቡና በማይገባበት የሩሎን ወጥ ቤት፣ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ሃሪሰን እንደታሰረ ቆመ። የሟቹ ሚስት አርቪላና እሷው ያሳደገችው የሟቹ ወንድም ልጅ ቴይን ተቀመጡ። ጎረቤት ያመጣውን ድንች የነካው የለም።

«እህት አርቪላ፣ የዚያ በር ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው?»

«ሩሎን፣ ሃሪሰን፣ ቴይን። እኔ ከመንገዱ ዳገት የተነሳ ሄጄም አላውቅም።»

«ትናንት ቁርስ ላይ ምን ተባለ?»

«ሃሪሰን ላሞቹ ተጠምተዋል አለው። ሩሎንም በሩን ከፍቼ እተውላቸዋለሁ ብሎ ወጣ።»

«ቴይንስ?»

«እኔ በሌሊት ነው የወጣሁት» አለ ቴይን። «ምንጩ ጋ ከሄድኩ ወር አልፎኛል።»

ዜልዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሩሎን የሞተው ምንጩ ጋ ነው፣ ኋላ ተጭኖ ነው አፋፉ ላይ የተወሰደው። በሩን ከፍቶ ነበር፣ ላሞቹ ገብተዋል። ገዳዩ ሲወጣ ግን ቆለፈው፣ ጥጆቹ ውጭ ቀሩ። ሃሪሰን በሩ ክፍት መዋል እንዳለበት ያውቃል፤ ያስከፈተው ራሱ ነው። የቆለፈው ይህን ያልሰማ፣ ቀድሞ የገባና በሩን ዝግ ያገኘ ሰው ነው። እዚህ አገር ልጅ ከጸሎት በፊት የሚማረው ምንድን ነው?»

«በርን እንዳገኘኸው ተው» አለች አርቪላ፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

«ውሃውን ለራስህ እርሻ ልትጠልፍ ስትቆፍር ሩሎን ደረሰብህ፣ አይደል ቴይን?»

«ትንሽ ነው የገፋሁት» አለ ቴይን፣ ጠረጴዛውን እያየ። «ዛፏን ያዘ፣ ተገነጠለችበት።»

ሸሪፉ አንገቱን ደፍቶ የሃሪሰንን ካቴና ፈታ። ሃሪሰን አንጓውን እያሸ ወጣ፤ ጥጆቹን ወደ እናቶቻቸው ሊያስገባ ነበር የቸኮለው። ዜልዳ እውነቱን አግኝታም ደስ አላላትም፣ መተኛት ብቻ ነበር ያማራት።

አርቪላ ወደ ቴይን ተጠጋች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ልጄ። ስትጭነው ሞቶ ነበር?»

ቴይን ከጠረጴዛው ቀና አለ።

«ስምሽን ይጠራ ነበር፣ አክስቴ።»