ሠላሳ አድማጮች

በሰባ አራት ዓ.ም. ሰርክአዲስ በሬዲዮ ጣቢያው የዘፈን ክፍል ጸሐፊ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ የመራጭ ኮሚቴው ሦስት አባላት አዳዲስ ዘፈኖችን ከቴፕ ክር ይሰማሉ፤ እሷ ይለፍ የተባለውን በአንድ ወረቀት፣ ይቅር የተባለውን በሌላ ትመዘግባለች። ቅዳሜ በወጣቶች ሰዓት የሚተላለፈው ያለፈው ብቻ ነው። የቀረው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ብርሃነን ያገኘችው እዚያው ነው። ፒያሳ አንድ ሆቴል ውስጥ ሮክ የሚጫወት ጊታሪስት ነው። ሆቴሉም ውስጥ ተጫውቶት የማያውቀውን የራሱን ዘፈን የቀዳበትን ክር ሲያቀብላት እጁ ተንቀጠቀጠ።

«ፈራህ እንዴ?»

«ኧረ ብርድ ነው።»

«በሚያዝያ?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ አራት ኪሎ ይጠብቃታል፤ እየተጨዋወቱ በእግራቸው ፒያሳ ይደርሱና የሚያዙት ማኪያቶ ፊታቸው እንደተቀመጠ ይቀዘቅዛል። እሱ ዓይኑን ከእሷ ላይ መንቀል ያቅተዋል፤ እሷ ደግሞ መስኮቱን የምታይ መስላ እሱኑ ታያለች። ወድዳው ነበር፤ ምኑ ይደበቃል!

ዘፈኑ ግን ወደቀ።

«ግጥሙስ ደህና ነው» አሉ የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ እምሩ። «ጊታሩ ግን ይጮኻል። ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

ሰርክአዲስ የብርሃነን ስም በገዛ እጇ ከቀሩት ጋር ጻፈች።

አንድ ደንብ ነበረ፦ ሠላሳ አድማጭ በደብዳቤ የጠየቀውን ዘፈን ኮሚቴው እንደገና ይሰማዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ዶሮ ማነቂያ ባለችው ጠባብ ቤታቸው እናቷ ሳታያት፣ ሠላሳ ደብዳቤ ጻፈች። አንዱን በግራ እጇ፣ አንዱን በቀይ እስክሪብቶ፤ አንዴ የናዝሬት ተማሪ ሆና፣ አንዴ ነጋሽ የሚባል ሹፌር ሆና። እያንዳንዱን ስትጨርስ ለብቻዋ ትስቃለች።

ጓድ እምሩ ደብዳቤዎቹን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ዘፈን ተላልፎ ያውቃል?»

«አያውቅም» አሉ ሌሎቹ።

«ታዲያ እነዚህ ሠላሳ ሰዎች የት ሰሙት?»

ሰርክአዲስ ክው አለች። ስንት ዓመት ዘፈን ስትመዘግብ የኖረች ሰው፣ ይህን እንዴት አላሰበችም? ፍቅር ያጃጅላል፤ እሷንም አጃጃላት።

በስውር የተደራጀ ማኅበር ነው ተባለ። ዘፋኙ ነገ ጠዋት ተይዞ ይጠየቅ ተባለ። በዚያ ዘመን መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል።

«ጓድ እምሩ፣ እኔ ነኝ የጻፍኳቸው» አለች ብድግ ብላ። «ሁሉንም እኔ ነኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ብቻሽን ሠላሳ ሰው ሆነሽ? ማነው ያስፈራራሽ?»

ብዕር አንስታ በግራዋ ልታሳያቸው ሞከረች። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት፤ የወጣው ጽሕፈት አንዱንም ደብዳቤ አይመስልም።

«ተቀመጪ ልጄ፤ ለአንቺስ እኔ እመሰክርልሻለሁ» አሏት ጓድ እምሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ደግነታቸው ነው የገደላት።

ከቢሮ እንደወጣች ፒያሳ ድረስ ሮጠች። ብርሃነ የሆቴሉ መድረክ ላይ የጊታሩን ክር ሲያጠብቅ አገኘችው፤ ሁሉንም ነገረችው።

«ሠላሳውንም አንቺ?»

«ሠላሳውንም።»

«ምን እያልሽ?»

«ወደድነው እያልኩ።»

ጊታሩን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ተቆጥቶ ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«ሁመራ አክስቴ ሓዳስ አለች» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ ሱዳን ሩቅ አይደለም። አብረሽኝ ነይ።»

«እኔም ከጠፋሁ ማኅበሩ እውነት ነበር ይላሉ። እናቴን ነው የሚይዟት፣ ብርሃነ።»

እጇን ያዘና ደረቱ ላይ አስደገፈው። ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ሲነጋ ብርሃነ አልነበረም።

በሚቀጥለው ሐሙስ የከዳው ዘፋኝ ክር እንዲጠፋ ተወሰነ። ባዶ ክር ስለማይገኝ ሌላ ነገር ይቀዳበታል፤ ቀረጻውም የዘፈን ክፍል ሥራ ነው። ሰርክአዲስ ክሩን በማሽኑ ላይ አጠመደች። ስለ ወባ መከላከል የተዘጋጀውን ትምህርት በላዩ ትቀዳበት ጀመር። ማሽኑ ሲቀዳ የሚጠፋው ድምፅ አይሰማም። የሚሰማው የጤና ባለሙያው ስለ ረግረግ ውኃና ስለ አጎበር በዝግታ ሲያስረዳ ነው። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ክሩን ታያለች። ብርሃነ ሁመራ ይድረስ፣ መንገድ ላይ ይያዝ፣ የምትጠይቀው ሰው የላትም።

ክሩ ተጠምጥሞ ሲያልቅ ጓድ እምሩ በሩን ገፋ አድርገው ብቅ አሉ።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ» አለች።