ከማን ኮረጅሽ?

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምለውን ሰምታችሁ «እንዲህ ያለ አባት ደግሞ የት ይገኛል?» እንዳትሉ ነው። በየቤታችሁ አለ። ወንድሜ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ውኃው የት ጋ እንደሚያፈስ የሚያውቅ፣ የደንበኛ ብሎን እንኳ በስህተት ኪሱ ገብቶ ቢያገኝ ተመልሶ የሚሰጥ ሐቀኛ። ይኸው ሐቀኛ ሰው ነው የገዛ ልጁን ያስዋሻት።

ሁለት ልጆች አሉት። ትልቁ ገና ፊደል ቆጥሮ ሳይጨርስ «ፕሮፌሰር» ተባለ። ታናሽየዋ በእግሯ ለመሄድ ስለዘገየች «ኤሊ» የሚል ስም ወጣላት። በፍቅር ነው የሚጠሯት፣ «ኤሊዬ» እያሉ። ፕሮፌሰሩ ዘጠና ይዞ ሲመጣ «አሥሩን የት ጣልከው?» ይባላል። ኤሊ አርባ ይዛ ስትመጣ ይጨበጨብላታል። እናቷ «አይዞሽ ኤሊዬ፣ ሂሳብ እንደሆነ በዘራችንም የለ» ትላታለች እየሳቀች። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ የሰው ልብስ እየተኮስኩ የምኖር ነኝና ያን ጭብጨባ በሰማሁ ቁጥር ቆሽቴ ያርር ነበር። ከልጅ ምንም አለመጠበቅ ደግነት ይመስላቸዋል!

ሰባተኛ ክፍል ስትገባ አዲስ የሂሳብ መምህር መጣላት። ይህ ሰው ኤሊ መባሏን አያውቅም። ጠይቋት ዝም ስትል «ተቀመጪ» አይላትም፤ «አስቢበት፣ እጠብቅሻለሁ» ይላትና እውነትም ይጠብቃታል። ልጅቷ የሚጠብቃት ሰው ስታገኝ ጊዜ እኔ ቤት እየመጣች መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ታጠና ጀመር። በፈተናው ሰማንያ አራት አገኘች።

ወረቀቱን እያውለበለበች ግቢውን ስታቋርጥ አይቻት ተከትያት ገባሁ። ቤተሰቡ ምሳ ላይ ነበር። አባቷ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም።

«ከማን ኮረጅሽ?» አላት።

የቀለደ መስሏት ሳቀች። ፕሮፌሰሩም ሳቀ። እናቷ ግን ጠጋ ብላ «እውነቱን ንገሪው ኤሊዬ፣ አይቆጣሽም» አለቻት።

«አልኮረጅኩም። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

«እኔ በላቤ ነው ያሳደግኩሽ፤ ሌባ አላሳድግም!» ምግቡን ትቶ ብድግ አለ። «ነይ ተነሺ፣ ለመምህርሽ በገዛ አፍሽ ትናገሪያለሽ።»

«አንተ ሰው፣ እኔ ቤት ቁጭ ብላ ስታጠና በዐይኔ አይቻለሁ!» ብዬ ጮህኩበት።

«እትዬ፣ አንቺ ስለምትወጃት ነው» አለኝ። እሱስ አይወዳትም ኖሯል?

ተከተልኳቸው። መምህሩን ተማሪ በሌለበት ክፍል ወረቀት ሲያርም አገኘነው። ወንድሜ አንገቱን ቀና አድርጎ «መምህር፣ ይህ ውጤት የልጄ አይደለም። እኔ አውቃታለሁ፤ ይስተካከል» አለ።

«የራሷ ነው» አለ መምህሩ። «ካላመኑ አሁኑኑ ትሥራው።» አንዱን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈላት።

ጠመኔውን ይዛ ጀመረች። የመጀመሪያውን መስመር ስትጽፍ ልክ መሆኗን ከመምህሩ ፊት አወቅሁ። ከዚያ ዞር ብላ አባቷን አየችው። እጆቹን አጣምሮ ቆሟል፤ የሚጠብቀው ስህተቷን ነው። ትንሽ አየችውና ጠመኔውን አስቀመጠች።

«ኮርጄ ነው» አለች።

«አላልኩም?» አለ ወንድሜ። ደስ አለው እኮ! እግዜር ያሳያችሁ፣ ልጁ ሌባ ነኝ ስትል ደስ አለው፤ እሱ ልክ ሆኗላ!

መምህሩ ተቆጣ፤ በልጅቷ ግን አይደለም። «አባት፣ ፈተናው ሁለት ዓይነት ነበር» አለ። «አጠገቧ የተቀመጡት ሁሉ የተፈተኑት ሌላውን ነው። ከማን ትኮርጅ?»

«ታዲያ ለምን ኮረጅኩ አለች?»

«እርስዎ እንዳያፍሩ ነዋ። አባቷ ተሳሳተ ከሚባል እሷ ሌባ ብትባል መርጣ ነው።»

ስንመለስ ወንድሜ ፊት ፊት ይሄዳል፤ እሷም ከኋላችን ራቅ ብላ ትከተለናለች። ቤት ስንደርስ «ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ያልፋል» አለኝ። ጠየቃት። አላለፈም። በሚቀጥለው ፈተና ሠላሳ ስድስት አገኘች፤ ወረቀቱን አባቷ ፊት አስቀምጣ «ይኼኛው የራሴ ነው» አለችው። የሚያጨበጭብ አልነበረም። ወንድሜ ጓዳ ገብቶ ሲያለቅስ ሰማሁት። አላሳዘነኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን ንዴቴ በልጦብኝ ላባብለው አልገባሁም።

እናንተ ወላጆች፣ «እሱ ጎበዝ ነው፣ እሷ ደከም ትላለች» እያላችሁ እንግዳ ፊት የምትቀልዱት ቀልድ ልጆቻችሁ ጆሮ ሲገባ ቀልድ አይደለም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ልጅ ወላጁን ያምናል፤ ደካማ ነሽ ስትሏት የምትደክመው ስለምታምናችሁ ነው። ከዚያ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ትወቅሳላችሁ! ጎበዙም ቢሆን አሥሯን እያሰበ እንቅልፍ ያጣል እንጂ በዘጠናው ተደስቶ አያውቅም።

ወንድሜ አሁን ከሥራ ሲመለስ መፍቻዎቹን አስቀምጦ አጠገቧ ይቀመጣል። ሂሳቡ አይገባውም። «እስቲ አስረጂኝ፣ እጠብቅሻለሁ» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ትለው ነበር፤ አሁን አንዳንዴ ታስረዳዋለች። ባለፈው ሳምንት በስሟ ጠራት፤ ስትወለድ ራሱ ባወጣላት ስም። ልጅቷ ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ወደ በሩ ዞረች።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን «ድገመው» አልኩት። እስክትለምደው ድረስ ይጥራት።