ወደ ቦሎኛ ያልሄዱት ጫማዎች

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቤት የሚወስደኝ አውቶቡስ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የአማርኛ አስተማሪያችን ደወለችና «ኤደንዬ፣ ጽሑፍሽ ተመርጧል፣ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ አንቺው ራስሽ ታነቢዋለሽ» ስትለኝ፣ እመኑኝ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ጥብቅ አድርገው እስኪያቅፉ ድረስ ጮህኩ! ምን ላድርግ፣ እዚሁ ለንደን ተወልጄ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ስሜን በፊደል ለመጻፍ እንኳ ምላሴን ነክሼ የምታገል ልጅ ነበርኩ። ይኸው ጽሑፉ። እኔ በደስታ ልበር ነው እንጂ ታሪኩ ግን የደስታ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ይህን እወቁልኝ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። ጓደኞቼ «ሃክኒ ያለው የአክስቴ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ሲሉ በሳቅ የምፈርሰው እኔ ነኝ፣ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሲንኳኳ «ቧንቧ ነው፣ ማሞቂያው ነው» ብዬ ትራሴን የማገላብጠውም እኔ ነኝ። እስከዚያች ምሽት ድረስ ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ካምደን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ቀን ቀን ትሠራለች፣ አባዬ ደግሞ እዚሁ ሰፈራችን ኤድመንተን አንድ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ሺፍቱ ሌሊት ነው፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚገናኙት በር ላይ ነው፣ እሷ ኮቷን ስትለብስ እሱ ኮቱን ሲያወልቅ። ከተጋቡ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ጫጉላ የሚባል ነገር አይተው እንደማያውቁ ሰማሁና «በቃ፣ ጣልያን ትሄዳላችሁ፣ አራት ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ፣ ፕላኑን ለኔ ተዉት» አልኳቸው።

እማዬ ሳቅ አለችና «እሺ፣ ግን የሚያስተኛ ቦታ እንዳትወስጂኝ፣ አንዴ ከተኛሁ አልነሳም፣ የሚያስኬድ ነገር ፈልጊልኝ» አለች።

አባዬ አዲስ አበባ እያለ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበርና ደረቱን ነፋ አደረገ፣ «ቋንቋ እንደሆነ አታስቡ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጣልያንኛ አሳምሬ ነው የማውቀው!»

«ወይ ጉድ! ሬስቶራንት ገብተህ ካንዴላ ልታዝልኝ ነው?»

«ከነማቀጣጠያው!»

እንዲህ ሲቀላለዱ ካየኋቸው ስንት ጊዜዬ ነበር መሰላችሁ።

ቦሎኛን መረጥኩላቸው። በመጀመሪያው ቀን ከከተማው ተነስቶ ኮረብታው ጫፍ ያለው ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚወጣ ረጅም መንገድ አለ፣ ዳገቱ ሁሉ በቅስት የተሸፈነ ነው፣ ዝናብ ቢመጣ እንኳ አይነካችሁም፣ እሱን በእግር ይወጣሉ። በማግስቱ በባቡር ፌራራ ሄደው በአሮጌው የከተማ ግንብ ላይ በብስክሌት ይዞራሉ፣ እማዬ ብስክሌት ስለማትችል ለሁለት የሚነዳውን አገኘሁላቸው። በሦስተኛው ቀን ፓስታ በእጃቸው ይሠራሉ። የመጨረሻውን ቀን ባዶ ተውኩት፣ ዝም ብለው እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲዞሩ። ለእግር ጉዞ የሚሆን ጫማም ተገዛላቸው፣ ሁለቱም ግራጫ፣ የአባዬ የግራ ጫማ ወጥ ቤት ውስጥ ሲሞክረው ሲጥ ሲጥ አለ፣ እማዬ «ሌባ ብትሆን በዚህ ጫማ ይይዙህ ነበር» አለችው፣ ከዚያ ወደ ካርቶናቸው ተመልሰው ኮሪደሩ ላይ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ገቡ።

አሁን ወደ ምሽቷ ልምጣ። ክረምት ነበር፣ ያው የለንደን ክረምት ታውቁት የለ፣ ከትምህርት ቤት ሳትደርሱ ይጨልማል። እማዬ ከሥራ ገና አልተመለሰችም፣ አባዬ ወደ ሌሊት ሺፍቱ ወጥቷል፣ እኔ ብቻዬን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ዳገቱ ለአባዬ እንዳይከብደው ብዬ መንገዱን በፎቶ የሚያሳየው ካርታ ላይ ቼክ አደርጋለሁ፣ አንዴ ስትጫኑት አንድ እርምጃ ወደፊት የሚወስዳችሁን ማለቴ ነው።

ተጫንኩ። ኮሪደሩ ላይ ሲጥ አለ።

ወለሉ ነው አልኩ። ደግሜ ተጫንኩ፣ ሲጥ። ቆምኩ፣ ቆመ። እንግዲህ አትሳቁብኝ፣ ጎረቤት ነው ብዬ ሆን ብዬ ቶሎ ቶሎ መጫን ጀመርኩ፣ እነሱም ቶሎ ቶሎ መራመድ ጀመሩ፣ አዎ፣ እነሱ፣ ምክንያቱም አሁን ከሲጥ ሲጡ ጎን ሌላ ለስለስ ያለ እርምጃ ነበር፣ ዳገቱ ሲበረታ ደግሞ የሰው ትንፋሽ፣ ቁና ቁና የሚል። ጸጉሬ ቆመ፣ ጣቴ ግን አልቆመም፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ ብቻ ካቆምኩ መሃል መንገድ ላይ የምጥላቸው መሰለኝ። ከዚያ የሴት ድምፅ «ቀስ በል እንጂ!» አለ፣ እና ሳቀች፣ እሱም ሳቀ፣ እንዲህ ዓይነት ሳቅ ቤታችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም፣ ሆድ ይዞ የሚያጎብጥ ሳቅ።

ጫፍ ደረስኩ። ፎቶው ላይ ደረጃው ጋ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ካርታው እንደሚያደርገው ደብዝዟል፣ ወንድየው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፣ ጫማቸው ግራጫ ነው። ገጹ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ ደረጃው ባዶ ነበር።

የቤቱን መብራት ሁሉ አብርቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ካርቶኖቹ እንደተዘጉ ናቸው። ጫማዎቹን አወጣኋቸው፣ የዋጋቸው ወረቀት እንኳ አልተነሳም፣ ግን ውስጣቸው ሙቅ ነበር፣ አሁን እግር እንደወጣበት ጫማ፣ ሶላቸው ላይም ቀላ ያለ የጡብ አቧራ። ኤድመንተን ውስጥ በዚያ ዝናብ አቧራ ከየት ይመጣል?

በማግስቱ እሑድ የቤት ለቤት ጸሎታችን እኛ ጋ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ሊሄድ ሲል ፓስፖርቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ሁሉም እጁን ጭኖ ይጸልይበታል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ጸሎቱን የሚመሩት ጋሽ ታምራት «ጌታ ያሳየው ነገር ያለ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይናገርም። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ጎሽ! ተናገሪ ልጄ፣ በአማርኛ» አሉ ጋሽ ታምራት ደስ ብሏቸው።

ያኔ አማርኛዬ እንደዛሬ አልነበረም፣ ቃል በቃል እየፈለግሁ «የእማዬና የአባዬ ጫማዎች... ሰው ሳይኖርባቸው... ሲሄዱ ሰማሁ» አልኩ። «እና ደግሞ...» ብዬ ቀጣዩን ቃል ስፈልግ ጋሽ ታምራት ዓይናቸውን ጨፍነው «ሰው የሌለበት ጫማ! በቃ ልጄ፣ በቃ፣ ገብቶናል፣ ይህ መንገድ ሞት አለበት» አሉና በጩኸት መጸለይ ጀመሩ፣ ሁሉም ተቀበላቸው።

«ጋሼ፣ አልጨረስኩም እኮ፣ እርስዎ...» ብል ማን ይስማኝ? ከአሜን በኋላ እማዬ ፓስፖርቶቹን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ማታውኑ ጉዞው ካንስል ተደረገ። አባዬ «ቦሎኛ የትም አትሸሽም» አለ፣ ኮቱን ለብሶ ወደ ሥራ ወጣ።

ሊሄዱባቸው በነበሩት ቀናት ምንም አልተፈጠረም። አውሮፕላኑ በሰላም ሄዶ በሰላም ተመለሰ፣ ስልኬ ላይ ስከታተለው ነበር። በጸደይ ግን አባዬ ሥራ ቦታ ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ዛሬ የቤታችንን ደረጃ እንኳ የሚወጣው ግድግዳ እየያዘ ነው። ያ ዳገት አበቃ።

ቆይቶ አንድ ቀን ልብስ ስናጣጥፍ ለእማዬ ቀሪውን ነገርኳት። «እየሳቁ ነበር እኮ» አልኳት።

«ማን ነበር የሚስቀው?»

«አንቺ። አባዬም፣ ግን አንቺ ይበልጥ።»

የአባዬን ሸሚዝ እንደያዘች ቆማ ቀረች። «እኔ? እንዲህ አድርጌ?» አለች፣ ከዚያ ሸሚዙን አጣጥፋ ስታበቃ፣ «ቆይ፣ ያን ቀን ለምን ትንሽ አልጠበቅንሽም?»

ያ የሰማሁት ማስጠንቀቂያ ይሁን ስጦታ እኔም አላውቅም። የማውቀው ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥኑን ስከፍት ያየሁትን ብቻ ነው፣ የአባዬ ጫማ ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቷል፣ አባዬ ጫማ ሲጨርስ እንደሚጨርሰው ልክ በዚያ በኩል፣ የዋጋው ወረቀት ግን አሁንም አልተነሳም።

እንግዲህ እኔ ተጋብዣለሁ፣ እናንተንም ልጋብዛችሁ። በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ኑ፣ እናትና አባታችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ለእግር የሚመች ጫማ አድርጉ፣ ምክንያቱም ካነበብኩ በኋላ ከእማዬና ከአባዬ ጋር በአቅራቢያው ባለው ወንዝ ዳር በእግር እንሄዳለን፣ ለጉልበቱ ስንል በጣም ቀስ ብለን። ሁለቱም አሮጌ ጫማቸውን ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ ከኋላችን ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ከሰማችሁ አትጩሁ፣ ጸሎትም አትጀምሩ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አዳምጡ፣ እና አሁንም እየሳቁ ከሆነ ለእማዬ ንገሯት።