ግራ እጅ

አዎር ሰማያዊ የተቀባውን እንስራ ነካች። ውሃው ጠዋት ቢሞላም ለብ እንዳለ ነው። አጠገቡ ያለው፣ ያልተቀባው፣ ቀዝቅዟል፤ ላቡ መዳፏን አረጠበው።

«ቁጭ በይ እንጂ» አለ የክፍል ጓደኛዋ ኦጉቱ ከኋላዋ። «መልሱ እንደሆነ አንቺ ዘንድ ነው።»

እውነቱን ነው። ቲቸር ኦዱንዶ ሳምንቱን ሙሉ አስጠንተዋታል። ዛሬ የመጣችው ማዳም ናፉላ፣ መምህራን ሳይንስን እየጠየቁና እያስሞከሩ እንዲያስተምሩ የምታግዝ ናት። እሷ ፊት ሁሉም እጁን እንዲያወጣ ተባለ፤ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን ያወጣል። ቲቸር የሚጠሩት ቀኙን ብቻ ነው። ትምህርቱ ካላማረ ስምንተኛ ክፍል ለሌላ ወጣት መምህር እንደሚሰጥ ዳይሬክተሩ ነግሯቸዋል።

እንስራውንም ዘይት ቀለም የቀቡት ራሳቸው ናቸው፣ ለእንግዳ ብለው። ለሁለተኛው ቀለሙ አልበቃም።

ማዳም ናፉላ ከኋላ ተቀምጣለች። ቲቸር ኮታቸውን ቆለፉ፤ ከእጃቸው የወደቀውን ጠመኔ አነሱ።

«እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ለምን ይመስላችኋል?»

ከአዎር በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። «ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ሙቀት አያስገባም» ማለት ነበረባት። ግን የሁለቱ ውፍረት እኩል ነው። አምና ወባ ሲጥላት በብስክሌታቸው ጭነው፣ ዳገቱን እየገፉ፣ እንዳትተኛ እየቀለዱ ጤና ጣቢያ ያደረሷት እኚህ ሰው ናቸው። ልታሳፍራቸው አልፈለገችም። ያልገባትን ገባኝ ማለትም አልሆነላትም።

ግራ እጇን አወጣች።

ቲቸር አዩት። ዓይናቸው ወደ ኦጉቱ ቀኝ እጅ ሄዶ ተመለሰ።

«እሺ፣ አዎር» አሉ ቀስ ብለው።

«ቲቸር፣ የተቀባው ለምን አልቀዘቀዘም? ውፍረታቸው እኮ እኩል ነው።»

ሄደው ሁለቱንም ነኩ። ደግመው ነኩ። አንዱ መዳፋቸው ርሷል፣ ሌላው ደረቅ ነው። ቲቸር ወደ ተማሪዎቹ ዞሩና ግራ እጃቸውን አወጡ።

ማዳም ናፉላ ነገሩ አልገባትም። ኦጉቱ ግን ቀኙን አውርዶ ግራውን አነሳ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«እንግዲህ» አሉ ቲቸር ኮታቸውን እያወለቁ፣ «ሻካራ ድንጋይ አምጡ። ይሄን ቀለም ፍቀን እናየዋለን።»