በእስክሪብቶ የጠቆረው ክር

በዚያ ቤት «መኪና» ከተባለ የስፌት መኪና ማለት ነው። ሌላ መኪና አያውቁም። «መኪናዋ ዛሬ ተነጫንጫለች»፣ «መኪናዋን ዘይት አጠጪያት»፣ «መኪናዋ ላይ ተኝተሽ ነው እንዴ፣ አንቺ ልጅ!» ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ስለ የትኛዋ እንደሚወራ ያውቃል። መስኮቱ ሥር የተቀመጠች፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ በእግር የምትረገጥ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ልብስ ሰፊ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችባት መኪና ናት። «መኪና» የሚለው ቃል በተጠራ ቁጥር ያቺ እናት ጆሮዋን የምትይዝበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን አሰበ? ማንስ ሊያስብ ይችላል!

ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ የነጭ ክር ሕግ። እናትየው ማንኛውንም ልብስ በመጀመሪያ በእጇ፣ በሰፋፊው፣ በነጭ ክር ትይዘዋለች። ልኩ ከታየ በኋላ በልብሱ ቀለም ክር በመኪና ይሰፋና ነጩ ይመዘዛል። (ልብሱ ራሱ ነጭ ከሆነ በቀይ ይያዛል፤ እንዳትከራከሩ።) ስለዚህ ነጭ ክር የታየበት ነገር ሁሉ «ገና ነው» ይባላል። ገና የሆነ ነገር ደግሞ ከበር አይወጣም። ትልቁ ልጅ ይህን ሕግ ከማንም በላይ ያከብር ነበር። ስድስት ዓመቱ ሳለ፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቀን፣ ሱሪው ጫፍ ላይ የተረሳ ነጭ ክር አየና በሩ ላይ ተገትሮ «እማ፣ ገና ነኝ» ብሎ አልወጣም አለ። እናትየው እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያም ተንበርክካ ክሩን በጥርሷ በጠሰችለት። ይህ ታሪክ በዚያ ቤት ሺህ ጊዜ ተወርቷል።

ልጁ አድጎ ሃያ ሦስት ሞላው። እናቱ የምትሰፋውን የተማሪ ልብስ ለየደንበኛው የሚያደርስበት ያገለገለ ሞተር ገዛ። መንጃ ፈቃዱን ካወጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። አነዳዱ ደግሞ… አይ አነዳድ! አስራ ስድስት ዓመት የሞላት እህቱ «ኤሊ» ብላ ስም አወጣችለት። እሱም አልተወላትም፤ «ምላሷ» ይላታል። እውነቱን ለመናገር ስሙ ይገባታል።

«ኤሊ! በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ ቀደመህ አሉ። እውነት ነው?»

«ሁለት ናቸው» አለ እሱ ሳይስቅ። «አንደኛው እንደውም ሰላም ብሎኝ ነው ያለፈው።»

«ሞተርህን እየገፋህ ብትሄድ እኮ ቶሎ ትደርሳለህ።»

«እህትዬ፣ የሹፌሩን ዓይን ካላየሁ፣ ሹፌሩ አላየኝም ማለት ነው። አሰልጣኛችን የሚለው እንደዚህ ነው።» ይህን አባባል ቁርስ ላይ ይለዋል፣ ምሳ ላይ ይለዋል፣ ጫማውን ሲያስርም ይለዋል። እሷም አፏን አጣማ ከኋላው ትደግመዋለች። እናትየው «ተዪው ልጄን! በዝግታ ይሂድልኝ!» ትላለች። የነበራቸው ጠብ ይኼው ነበር። ምን ነበረበት እንደዚያው በቀጠለ!

ነገሩ የመጣው በሄልሜቱ ማሰሪያ ነው። ሄልሜቱ ለጭንቅላቱ ልክ ነው፤ ማሰሪያው ግን እስከ መጨረሻው ጠብቆም አገጩ ሥር ይወዛወዛል። ሌላ እናት ብትሆን «መልሰህ ቀይረው» ትለው ነበር። ይህች ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ ረጅም ነገር አይታ ሳታሳጥር መተው አታውቅም። መቀሷን አነሳች፣ ማሰሪያውን ከዘለበቱ በላይ ቆረጠች፣ ደራረበች፣ በነጭ ክር ያዘችና በልጇ አገጭ ለካችው። ልክ ሆነ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ አይታያትም፤ የመኪናውን ሥራ ለልጅቷ ትታለች። «ወፍራሙን መርፌ አስገቢና አራት ጊዜ አመላልሺበት። ሳይወጣ አድርሺለት» ብላት ጨርቅ ልትመርጥ ወደ ገበያ ሄደች።

ምላሷ ወፍራሙን መርፌ ፈለገች። አንዱን ኪስ፣ አንዱን ቆርቆሮ፣ አንዱን መሳቢያ በረበረች። የለም። ጓደኛዋ ደግሞ ከውጭ «ነይ እንጂ! ድራማው ጀመረ!» እያለች ትጮሃለች። ወንድሟ ጓዳ ሆኖ ልብሶቹን በፌስታል ይጠቀልላል። ነጩን ክር ካየ አይወጣም፤ ካልወጣ ልብሱ አይደርስም፤ ልብሱ ካልደረሰ የምትቆጣው እማ ናት። ከዚያ ሁሉ ሐሳብ መሐል አንዲት ትንሽ፣ ቀላል፣ አስቂኝ የምትመስል ሐሳብ ብልጭ አለችላት። የጥናት ደብተሯ ላይ ጥቁር እስክሪብቶ ተቀምጧል። ነጩን ክር አንድ በአንድ፣ በደንብ አድርጋ፣ ጥቁር ቀባችው። ሲመለስ እሰፋዋለሁ አለች። ሲመለስ…

«ምላሷ፣ አለቀ?»

«አልቋል። እየው።»

መስኮቱ ድረስ ወስዶ አየው። አውራ ጣቱን አሳረፈበት። «ጥቁር ነው» አለ ረክቶ። አጠለቀው፣ ዘለበቱን ቀጭ አድርጎ ቆለፈ፣ ግንባሯን በጣቱ መታ አደረጋትና ወጣ። እሷም በሌላኛው በኩል እየሮጠች ወደ ድራማዋ ሄደች።

ከቀትር በኋላ ነው። መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጥላ ዘርግቶ የሚሠራ አንድ ጫማ ጠጋኝ ሁሉንም ነገር አይቷል። ልጁ ከሩቅ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከጎን መንገድ አፍንጫዋን ያወጣች ነጭ መኪና አየ። ጥሩንባ ነፋ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደተማረው የሹፌሩን ዓይን ፈለገ። ዓይን ግን አልነበረም! ያገኘው የሰውየውን መሐል አናት ነው፤ ሰውየው አቀርቅሮ ጭኑ ላይ ያለ ስልክ ያነባል። ልጁ ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ሰውየው ቀና ሳይል ነዳጅ ሰጠና ዘው ብሎ ገባበት። ጫማ ጠጋኙ ወስፌውን ጥሎ ሲነሳ ልጁ አየር ላይ ነበር። ሄልሜቱ ግን ከእሱ ጋር አልወደቀም። ለብቻው እየተንከባለለ፣ እየተንከባለለ ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ።

ሆስፒታል ሲደርሱ እናትየው አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም። ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ከቢላ ይበልጥ ቆረጠ። «እግሩ ይድናል። ያስቸገረን ጭንቅላቱ ነው። ሄልሜቱ ራሱ ላይ ቢቆይለት ኖሮ፣ አሁን እግሩን አስሮ ከእናንተ ጋር ይቀልድ ነበር።» ልጅቷ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ?

በማግስቱ ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ መናገር ጀመረ። «ጥቁር ነው» አለ። «ጥቁር ነው… ጥቁር ነው…»

እናትየው ደረቷን መታች። «ወየው! ዓይኑ ጠፋ! ልጄ ጨለማ ውስጥ ነው! አባቴ፣ እኔ ነኝ፣ አይታይህም እንዴ?» ነርሷ «ሲቃዡ እንዲህ ይላሉ፣ እናቴ» አለች። ጎረቤቶች ከንፈር መጠጡ። በዚያ ክፍል ውስጥ የዚያ ንግግር ትርጉም የገባት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ልጁ ስለ ጨለማ አልነበረም የሚያወራው። ስለ ክሩ ነበር። አልቋል፣ መውጣት እችላለሁ ማለቱ ነበር። ይህን እያወቁ ዝም ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ብትናገር እናቷን ታጣለች። ባትናገር… ባትናገርስ ምን ይመጣል?

የመጣው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ሄልሜቱ ጭቃው ደርቆበት ተቀምጧል። ሹፌሩም አለ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ መሐል አናቱ የሳሳ ሰው።

«ሄልሜቱን አላሰረውም ነበር» አለ ሹፌሩ ወለል ወለሉን እያየ። «በክንዱ አንጠልጥሎ ይከንፍ ነበር። ብርር ብሎ መጣብኝ።»

«ይከንፍ ነበር?» አለች እናትየው። «የኔ ልጅ? ሽማግሌ የሚቀድመው ልጄ?»

«እናቴ፣ ይረጋጉ» አለ መርማሪው። «ማሰሪያው ተንጠልጥሎ ነው ያገኘነው። ያልታሰረ ተብሎ ተመዝግቧል። ጥፋቱ ለሁለት ሊካፈል ነው።»

እናትየው ሄልሜቱን ሳበችው። ዓይኗ ቢደክምም ጣቷ አልደከመም። ማሰሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰች። የተቀደደው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የመርፌው ቀዳዳዎች የተራራቁ ናቸው፤ የመኪና አይደሉም። የእጇ ሥራ ነው፤ ሰፋፊው። ጣቷን በምላሷ አርጥባ የተረፈውን ክር አሸችው። ጣቷ ጠቆረ። ክሩ ነጣ። እናትየው ቀና ብላ ልጇን አየቻት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞረች።

«ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ዓይኔ ደክሟል። ሳይጠናቀቅ ሰጠሁት። ልጄን ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እኔን ጻፍ።»

«ውሸቷን ነው!»

ምላሷ ነበረች። ሦስት ቀን ሙሉ የጠፋው ድምፅ ተመለሰ፤ ተሰነጣጥቆ። «እኔ ነኝ! እማ ስፊው አለችኝ፣ እኔ በእስክሪብቶ ቀባሁት። አልቋል አልኩት። ጥቁር መሆኑን አይቶ ነው የወጣው… እማ፣ ‹ጥቁር ነው› የሚለው እኮ ክሩን ነው! ዓይኑ አልጠፋም፤ እኔ ነኝ ያታለልኩት!» እንባዋ በአገጯ ይንጠባጠባል። ግን አላቆመችም፤ ሄልሜቱን ነጥቃ መርማሪው አፍንጫ ሥር አስጠጋችው። «ይሄውልዎት፣ ዘለበቱ! ቁልፍ ነው! እስካሁን እንደተቆለፈ ነው! የተቀደደው ስፌቱ ነው እንጂ ዘለበቱ አልተፈታም። በክንዱ ያንጠለጠለ ሰው ለምን ይቆልፈዋል? ወንድሜ አስሯል። እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፣ ኤሊን ግን ‹አላሰረም› አትበሉት!»

መርማሪው ዘለበቱን ተጫነ። ቀጭ ብሎ ተከፈተ። የእሱም ፊት ተለወጠ። ጫማ ጠጋኙ ያለውን የጻፈበትን ወረቀት አንስቶ እንደገና አነበበ፤ ከዚያ ሹፌሩን አየው።

«መልእክት ነበር» አለ ሹፌሩ በመጨረሻ። «‹ስትመጣ ሎሚ አትርሳ› ይላል። እሱን… እሱን እያነበብኩ ነበር።» ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። እንደገና መሐል አናቱ ብቻ ታየ።

ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ሆስፒታሉ በእግራቸው ሄዱ። ልጅቷ ሦስት እርምጃ ከኋላ ነበረች፤ እናቷ አጠገብ ለመሄድ ፈራች። በሩ ላይ ሲደርሱ እናትየው ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ጣቷ አሁንም ጥቁር ነው። «ማሰሪያውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «አንቺንም ልጣ እንዴ? ነይ።»

ልጁ ከንፈሩ ደርቋል። «ጥቁር ነው…» ይላል፤ አሁን ከሹክሹክታም ያነሰ ነው። እህቱ ከእናቷ መሐረብ ጫፍ ነጭ ክር መዘዘችና እጁ አንጓ ላይ አሰረችለት። ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች። «ወንድምዬ፣ ዋሽቼህ ነው። ነጭ ነው። እየው፣ ነጭ ነው። ገና ነህ። ገና ነህ፣ እንዳትወጣ!»

«ጥቁር ነው» ማለቱን አቆመ። ጣቱ ክሩን ነካ፤ ነርሷም አይታለች። እናትየው «ሰማሽ! ሰማሽ!» ብላ ጮኸች። ለአንዲት ሰዓት ያህል በዚያ ክፍል ውስጥ ተስፋ ነበረ… ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትሸሽ ግን እስትንፋሱ ራቀ፣ ራቀ፣ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ነጭ ክር አይቶ ከበር ወጥቶ የማያውቅ ልጅ፣ ያን ቀን ብቻ አልታዘዘም።

የመጨረሻ ልብሱን እናትየው ራሷ ከጥቁር ጨርቅ ሰፋችለት። በእጇ፣ በሰፋፊው፣ በነጭ ክር ያዘችው። ልጅቷ ተነስታ መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ እናትየው ያዘቻት። «ተዪው» አለች። «እንደዚሁ ይሁን። ገና ነው ልጄ።»

ሰው «ዕድሉ ነው» ይላል። ግንባሩ ላይ የተጻፈ ነው ይላል። ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ግን ያ ጽሑፍ በጥቁር እስክሪብቶ የተጻፈ እንደሆነ የምታውቅ አንዲት ልጅ አለች። መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ጫማ ጠጋኙ ጥላ ሥር ትቆማለች፤ የቆመ ሞተረኛ ሁሉ አያልፋትም። አገጩ ሥር ገብታ ማሰሪያውን በሁለት እጇ ትጎትታለች፤ ስፌቱን በጥፍሯ ትፈትሻለች፤ የላላውን ታጠብቃለች፤ የተቀደደውን «መልስና ሌላ ግዛ፣ ይህ አይጠገንም» ትላለች።

«ኧረ አነቅሽኝ፣ አንቺ ልጅ!» ይሏታል።

«ታነቅ!» ትላቸዋለች፤ ዓይኗ እየሞላ። «ታንቀህ ቤትህ ግባ።»